ባዶ ያልሆነው ሜዳ፤ ከገሰራ ማሳ እስከ ሳነቴ አናት

በባሌ ደጋ፣ ገሰራ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ማለዳ፣ ከስንዴው ማሳ ባሻገር ወደ ደቡብ ምዕራብ ላማተረ ሰው አድማሱን የዘጋ ሰማያዊ ጋራ ይታየዋል። የአገሬው ሰው ዓይን በየጠዋቱ ወደዚያ ይሄዳል። ደመናው ከዚያ ይነሳል፤ ብርዱም ከዚያ ይወርዳል። ከማሳቸው ዳር ቆመው ኮምባይነር የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ወዴት እንደምጓዝ ጠየቁኝ። ወደዚያው ጋራ አናት፣ ወደ ሳነቴ ሜዳ፣ እንደሆነ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ እያደረጉ፣ «ደግሞ እዚያ ምን አለ ብለህ ነው ልጄ? ብርድና ድንጋይ ነው እኮ!» አሉኝ። በጉልምስናቸው ዘመን ሳነቴን በፈረስ አቋርጠው ደሎ መና ድረስ ወርደው ያውቃሉ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በአእምሯቸው የቀረው ብርዱ ነው።

ይህ የእርሳቸው አስተያየት ብቻ አይደለም። ሳነቴን በመኪና ያቋረጠ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ተማሪ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጉሙና ስለ ጭርታው ነው። ዛፍ የለም፤ ማሳ የለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ተቃራኒውን ለመናገር ነው። ሳነቴ በአገራችን ሕይወት ከታጨቀባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ባዶ ነው የሚለው እምነት ደግሞ የቦታው ትልቁ ጠላት ነው። ባዶ የተባለን መሬት ማንም እንዳሻው ሊያደርገው መብት ያለው ይመስለዋልና።

ከቡና ጫካ እስከ ውርጭ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ ወደ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ከአዲስ አበባ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሮቤ ከመድረሱ በፊት፣ ዲንሾ ከተማ ይገኛል። ፓርኩን ለየት የሚያደርገው የከፍታው ልዩነት ነው። ከ1,500 ሜትር ይነሳና 4,377 ሜትር ከፍታ እስካለው እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይደርሳል። ጠዋት ውርጭ የረገጠ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ የጫካ ቡና ጥላ ሥር ሊቀመጥ ይችላል።

ፓርኩ ሦስት መልክ አለው። በሰሜን፣ ዲንሾና ጋይሳይ አካባቢ፣ የደጋ አጋዘን የሚግጥበት ሣርና የኮሶና የጽድ ደን አለ። በደቡብ የሐረና ደን ቁልቁል ተዘርግቷል። በሁለቱ መካከል፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሳነቴ ተንጣሏል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ የአፍሪካ ደጋማ መሬት ይህን ያህል ሰፍቶና ሳይቆራረጥ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን በዩኔስኮ መዝገብ አሰፈረው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው።

ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው የጠጠር መንገድ፣ በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። በመጀመሪያ ጽዱና ኮሶው መንገደኛውን ይሸኙታል። ከዚያ አስታው ይጀምራል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አስታው እያጠረ፣ እየኮሰመነ ይሄድና በስተመጨረሻ ከጉልበት በታች ይሆናል። መኪናው የመጨረሻውን ዳገት ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው ደረቱ ይጨንቀዋል። ፊት ለፊት ያለው ሜዳ፣ ድንጋይ፣ ኩሬና ሰማይ ነው።

እግር ሥር ያለው አገር

አስጎብኚዬ ዲንሾ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ከመኪና እንደወረድን የሩቅ ማያ መነጽሬን አውጥቼ አድማሱን ማሰስ ስጀምር፣ «ሩቅ አይመልከቱ» አለኝ። «መጀመሪያ እግርዎ ሥር ያለውን ይዩ።»

መሬቱ ወንፊት ሆኗል። በየጥቂት እርምጃው ጉድጓድ አለ። ገሚሱ አሮጌና ሣር የበቀለበት ነው፤ ገሚሱ ደግሞ እርጥብ አፈር ገና የተተፋበት። ከአንዱ ትኩስ ጉድጓድ ፊት ዝም ብለን ቆምን። ከጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ እየነጠረች አፈሩን ትለቅማለች። ቆየት ብሎ የጉድጓዱ አፍ ተንቀሳቀሰና ደማቅ ቡናማ ጭንቅላት ብቅ አለ። ዓይኖቹ ከፊቱ ይልቅ ወደ አናቱ ተጠግተዋል። ገላውን ሳያወጣ ሰማዩን የሚያይበት ተፈጥሮ ነው። ግማሽ አካሉን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ቅጠል በጥርሱ አጨደ፤ የአፉን ያህል ሲይዝ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው ተመልሶ ገባ። ወፏ ከተቆፈረው አፈር ነፍሳት ለመልቀም ተጠጋች። ወፏ ደንግጣ ስትበር ፍልፈሉም ይሰማል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰወራል።

ይህ ግዙፉ ፍልፈል ነው። ትልቁ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። አብዛኛውን ሕይወቱን ከመሬት በታች ያሳልፋል። አፈሩን ይገለብጣል፣ ያናፍሳል፣ ሣሩን ወደ ታች ይስባል። ሳነቴ ላይ ከእርሱ ሌላ የሣር አይጦች በብዛት ይርመሰመሳሉ። ከላይ ጭር ያለው ሜዳ ከሥር ከተማ ነው።

ከተማው ካለ አዳኙም አለ። ወፏ ድንገት ጮኻ ተነሳች። አስጎብኚዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ከድንጋዩ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ፣ እርሱ «ጀደላ ፈርዳ» የሚለው፣ አንገቱን ዘርግቶ ይራመዳል። ፀጉሩ እንደ እሳት የቀላ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። እግሩን ሲያነሳና ሲያሳርፍ ድምፅ የለውም። አንድ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ተኛ፤ ጆሮዎቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ተወረወረና ስቶ ተነሳ፤ በፊት እግሮቹ አፈሩን ወደ ኋላ እየበተነ ቆፈረ፤ ተስፋ ቆርጦ ተወው። ብዙም ሳይርቅ ሌላ ጉድጓድ ጋ እንደገና አደፈጠ። በሁለተኛው አልሳተም።

ከምግቡ ከመቶ 90 እጅ በላዩ እንዲህ ያለ አይጥና ፍልፈል ነው። የቀይ ቀበሮን ኑሮ የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ለአደን ብቻውን የሚወጣው ይህ እንስሳ በቤቱ ማኅበርተኛ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ይገናኛል፤ አብሮ ድንበሩን ይዞራል፤ በሽንቱ ወሰኑን ያድሳል። እንደ ደንቡ የምትወልደው ዋናዋ እንስት ናት፤ የምትወልደውም በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ነው። ቡችሎቹን ግን ሁሉም ይመግባል። ከአደን የተመለሰ ሁሉ ከሆዱ አውጥቶ ለልጆቹ ያካፍላል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነዚህ ተራሮች ላይ ናቸው። ቀሪዎቹ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ አንድም የለም።

ብርድም በረሃ ይሠራል

የበረሃ ፓርክ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አዋሽ ወይም ያንጉዲ ራሳ ነው፤ ፀሐይ፣ አሸዋ፣ ግራር። ሳነቴ ዝናብ አላጣም፤ ኩሬዎቹም ይመሰክራሉ። ሆኖም እዚህ የሚበቅል ተክል ከበረሃ ተክል ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ይገጥመዋል። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሲወርድ ተመዝግቧል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል። ጠዋት ግን የምድር ወገብ ፀሐይ፣ ያውም በሳሳ አየር ውስጥ፣ ወዲያው ትበረታለች። ቅጠሉ እርጥበቱን ማጣት ይጀምራል፤ ሥሩ ደግሞ ከበረዶ ውኃ መሳብ አይችልም። ተክሉ ውኃ ላይ ቆሞ ይጠማል።

መልስ ያላቸው ብቻ ቀርተዋል። አንዳንዱ ቁጥቋጦ ቅጠሉን በብርማ ጠጉር ሸፍኖ በክብ በክብ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሜዳው ከሩቅ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ለዚህ ነው። ጅብራው በተቃራኒው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዓመታት እየቆጠረ ያድግና በመጨረሻ ሰውን የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ሽቅብ ይሰዳል። የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። በሜዳው ላይ ቆመው የሚታዩት ጥቁር ግንዶች ሥራቸውን የጨረሱ ጅብራዎች ናቸው። በእግሬ ስር ያለውን ትንሽ ችግኝ እያየሁ፣ አንድ ሰው በግዴለሽነት ሲረግጠው ስንት ዓመት እንደሚያጠፋ አሰብኩ።

የመጀመሪያዎቹ የተራራው ነዋሪዎች

ሰው በዚህ ከፍታ የኖረው በቅርብ ዘመን ይመስል ነበር። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ሐሳቡን ገለበጠው። ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ ቆፍረው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር አረጋገጡ። ዘመኑ ዛሬ መኪና የሚሄድባቸው ከፍታዎች በበረዶ ግግር የተሸፈኑበት ነበር።

እነዚያ ሰዎች ምን ይበሉ ነበር? ከእሳታቸው ዙሪያ የተገኘው አጥንት በብዛት የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ የተጠበሰበት ምልክት ሳይቀር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ግንኙነት፣ ከሥር ፍልፈል ከላይ አዳኝ፣ በአንድ ወቅት እኛንም ጨምሮ ነበር። የሰው ልጅ ሳነቴን ባዶ ብሎ አልናቀውም፤ መብልና መሣሪያ አገኘበት፤ በብርዱ ውስጥ እሳት አንድዶ ኖረበት።

ውኃው የሚሄድበት

ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ ቁልቁል ሲወርዱ ጉሙ ይቀበላል። በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ድንጋዩ ያልቃል፤ አስታው እንደገና ዛፍ ይሆናል፤ ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ሽፋን ይንጠለጠላል። ሪራ መንደር አለፍ ሲል ቀርከሃው ይመጣል። በዓለም ላይ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ኑሮው ከዚህ ቀርከሃ ጋር የተሳሰረ ነው። ከፍ ካለ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ይታያሉ፤ መንገድ ዳር የሐረና ማር ይሸጣል። ወደ ደሎ መና አቅጣጫ የጫካው ቡና አለ። ዝናቡን የሚስበው ደን፣ ዝናቡን የሚይዘው ሜዳና ውኃውን የሚያወርደው ሸለቆ አንድ አካል ናቸው።

እርጥበቱን የሳነቴ አፈር፣ ረግረግና ኩሬ ይይዙታል፤ ጋን ጠላን እንደሚያሳድረው አሳድረው በበጋ ቀስ አድርገው ይለቁታል። ወይብ በዲንሾ በኩል ወርዶ የባሌን ደጋ አቋርጦ ሶፍ ዑመር ይደርሳል፤ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዋሻ የቦረቦረው እርሱ ነው። ወልመል በሐረና ውስጥ ወደ ገናሌ ይፈስሳል። ገሰራን በሰሜን ከአርሲ የሚለየው ዋቢ ሸበሌም ከእነዚሁ ተራሮች ገባሮች ይቀበላል። ከባሌ በሚነሳው ውኃ በኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ 12 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ይኖራል። ግመሉን ገናሌ ዳር የሚያጠጣ አርብቶ አደር ሳነቴን በዓይኑ አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ ግመሉ ግን የሚጠጣው የሳነቴን ውኃ ነው።

ችግሩ የመጣው በውሻ ነው

ቀይ ቀበሮን ለመጥፋት ያቀረበው ጥይት አይደለም። የባሌ ገበሬ ባመዛኙ ቀበሮውን በክፉ አያየውም። ያቀረበው በሽታ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ደግሞ የቤት ውሻ። የእብድ ውሻ በሽታ በ1984፣ በ1996፣ በ2001 እና በ2007 ዓ.ም. አካባቢ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ደጋግሞ ወርዷል። በ1996ቱ ወረርሽኝ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ እጅ ገደማ አልቀዋል። ከውሻ የሚተላለፍ ሌላ የቫይረስ በሽታም ተከትሎ ጎድቷቸዋል። ያ ጠባይ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ መላላስና አፍ ለአፍ መመገብ፣ ቤተሰቡን ያኖረው ፍቅር፣ በሽታው ቤተሰቡን ሁሉ የሚያዳርስበት መንገድ ይሆናል።

አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ውሻውን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣው እረኛ ጥፋተኛ አይደለም። ሌሊት ጅብ ጥጃውን ይበላበታል፤ ያለ ውሻ አያድርም። በክረምት ማሳው በእህል ሲያዝ ከብት ወደ ደጋ ማውጣት፣ ሆራ ማጠጣትና በአጨዳ ጊዜ መመለስ፣ ጎዳንቱ የሚባለው ልማድ፣ ፓርኩ ከመኖሩ ብዙ ዘመን ይቀድማል። ለውጡ የመጣው ወቅት ጠብቆ ይመጣና ይመለስ የነበረው ሰው ቤት ሠርቶ ሲቀር፣ የከብቱ ቁጥር ሲበዛ፣ ገብሱ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ከብት የረጋገጠው መሬት ይጠነክራል፤ ሣሩ ይሳሳል፤ አይጡ ይመነምናል፤ ቀበሮውም አብሮ። በየበጋው ለግጦሽ ሲባል የሚለኮስ እሳት አስታውን ይበላል።

የመፍትሔው ሥራ ተጀምሯል፤ ውጤትም አለው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችን በየዓመቱ ይከትባል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ቀድሞ የመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተሸሽጎ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፤ ቀበሮው በልቶ ይከተባል። ከዚያ በፊት ለቀበሮዎቹ ክትባት የሚደርሰው ወረርሽኙ ከገባና ሬሳ ከተገኘ በኋላ ነበር። ፓርኩ ከባድ ቀን አይቶ መነሳቱም አዲስ አይደለም። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ሰሞን የጥበቃ ኬላዎቹ ተዘረፉ፤ የደጋ አጋዘንም በጅምላ ታደነ። ዛሬ ያው እንስሳ፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው፣ በዲንሾ ጽሕፈት ቤት ግቢ አጠገብ ሳይደነግጥ ሲግጥ ይታያል። ጥበቃ ሲኖር ተፈጥሮ ይመለሳል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሰማዩ የሚጠራበት ነው፤ ሌሊቱ ግን ይከብዳል። ከቆላ የመጣ ሰው በአንድ ቀን ሳነቴ ላይ መውጣት የለበትም፤ ሮቤ ወይም ጎባ አንድ ሌሊት ቢያድር ራስ ምታቱ ይቀልለታል። የመግቢያው ክፍያ የሚፈጸመውና አስጎብኚና ፈረስ የሚገኘው ዲንሾ ላይ ነው። አስጎብኚ መያዝ ለመንገዱ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከፓርኩ ጋር ተዋስኖ ለሚኖረው ቤተሰብ ይደርሳል፤ ቀበሮው በሕይወት መኖሩ ለጎረቤቱ እንጀራ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። መንገዱ ላይ መኪና በዝግታ ይነዳል፤ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ይሞታልና። ለእንስሳ ምግብ አይወረወርም። ውሻ በምንም ምክንያት አይወጣም። ደግሞም መኪና ውስጥ ሆኖ አቋርጦ ማለፍ ሳነቴን ማየት አይደለም። ወርዶ፣ ቆሞ፣ ዝም ብሎ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የማን ነው?

የዓለም ቅርስ መሆን ክብር ነው፤ ጠባቂ ግን አይቀጥርም። ሳነቴ የሚድነው ወይም የሚጠፋው ሮቤ፣ ጎባ፣ ዲንሾ፣ ሪራና ገሰራ ውስጥ በሚወሰን ውሳኔ ነው። ውሻውን የሚያስከትበው ወይም የሚደብቀው፣ የላሙን ቁጥር የሚመጥነው፣ አስታውን የሚለኩሰው ወይም የሚያጠፋው ሰው እዚህ ነው የሚኖረው። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በባሌ ደጋ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ተማሪዎቹን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳነቴ ያውጣቸው። ጉዞው ከገሰራ ቢነሱም የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ አውቶቡስ፣ ወፍራም ሹራብና ከዲንሾ አንድ አስጎብኚ ይበቃዋል። ትምህርት ቢሮዎቹ በዕቅዳቸው ያስገቡት፤ ፓርኩ የተማሪ መግቢያውን ያቅልለው፤ የመደወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው ይውጡ። ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ የሚያየውን፣ ግርጌው የተወለደ ልጅ ሳያየው ማደግ የለበትም። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ያየ ልጅ ሳነቴን ባዶ ነው ለሚለው ሰው የሚመልሰው አያጣም፤ ሲያድግም ውሻውን ለክትባት ይዞ የሚወጣው እርሱ ነው።